የአካል ጉዳተኛ የማቆሚያ ካርድ ለማን፣ በምን መለኪያ፣ እንዴት ይሰጥ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ከአባሎቻችን መካከል በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና ያላቸው አሉ፤ ባለሦስት እግር ሞተር የሚነዱም አሉ። ሆስፒታል፣ ባንክም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ በሩ አጠገብ ማቆሚያ አያገኙም። የከተማው ኃላፊዎች «ረቂቅ አዘጋጅታችሁ አምጡ» ብለውናል። ልዩ ሰሌዳ እንጠይቅ ወይስ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ካርድ? ለየትኛው ሾፌር ይሰጥ? ሐኪምስ ምን ብሎ ይጻፍ? ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያሉ ወዳጆቻችንም ይህንኑ እየጠየቁን ነው።

መልስ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰሌዳውን ለጊዜው ይተዉትና ካርድ ይጠይቁ። ካርዱ ለመኪናው ሳይሆን ለሰውየው ይሰጥ። መለኪያው የጉዳቱ ስም ሳይሆን ሰውየው ምን ያህል መራመድ እንደሚችል ይሁን። የመጀመሪያው ካርድ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ቢያንስ ሆስፒታሉ በር ላይ በትክክል የተለካ ቦታ ይኑር። ቦታ ሳይኖር ካርድ ማደል ሰውን በከንቱ ማመላለስ ነው።

ሰሌዳውን ተዉት ያልኩዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። የሰሌዳ ቀለም፣ ኮድና ቅርጽ የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ ስለሆነ (የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002ን ይመልከቱ) አንድ ከተማ የራሱን ሰሌዳ ማተም አይችልም። ረቂቃችሁ ሰሌዳ ከጠየቀ «ከእኛ አቅም በላይ ነው» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ያድራል። ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል። የእኛ ሰሌዳ የሚናገረው የመኪናውን አገልግሎት ነው፦ ታክሲ፣ የግል፣ የንግድ፣ የመንግሥት። ስለተሳፋሪው የሚለው ነገር የለም። ልዩ ሰሌዳ የተለጠፈበትን መኪና ልጅየው ለሠርግ ሲነዳውም ሰሌዳው እዚያው ነው፤ አባትየው በወንድሙ መኪና ሆስፒታል ሲሄድ ግን ሰሌዳው አብሮት አይሄድም። አሜሪካኖች ሰሌዳም ካርድም ይሰጣሉ፤ ሰሌዳ የወሰደው ሰው ተጨማሪ ካርድ እንዲያገኝ የፈቀዱትም ለዚሁ ነው። አውሮፓውያኑ ደግሞ ከነጭራሹ በካርድ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ጥያቄዎ ስለ ሾፌሮች ብቻ ነው። ይህን ግን ረቂቁ ላይ ሰፋ ያድርጉት። በእኛ አካባቢ መራመድ ከተሳነው ሰው አብዛኛው የሚመጣው ራሱ እየነዳ አይደለም፤ በባጃጅ፣ በዘመድ መኪና ወይም በኮንትራት ታክሲ ተጭኖ ነው። ካርዱን መንጃ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ብቻ ካሰሩት ተጠቃሚዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ፤ ኃላፊዎቹም ሁልጊዜ ባዶ የሚያዩትን ቦታ በዓመቱ ይነጥቋችኋል። «ባለካርዱ እየነዳ ወይም ተሳፍሮ በሚገኝበት ማናቸውም ተሽከርካሪ ላይ ይሠራል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ችግሩን ይፈታዋል።

ማን ይገባዋል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው። የተለመደው ስህተት የሕመም ስም መደርደር ነው፦ ልምሻ፣ የተቆረጠ እግር፣ የስጋ ደዌ ጉዳት፣ የእግር እብጠት። ዝርዝር ሲጻፍ ያልተጻፈው ይቀራል፤ የተጻፈው ደግሞ ሳይገባው ያልፋል። በልጅነቱ ልምሻ አግኝቶት ዛሬ ግን በእግሩ ገበያ የሚወርድና የሚወጣ ሰው አለ። እግሮቹ ሙሉ ሆነው በልብ ድካም የተነሳ 30 ሜትር ሄዶ የሚቀመጥም አለ። ቦታው የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ለመነሻ የሚሆነው የአሜሪካኖቹ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ ታዞ በ1991 በዝርዝር ደንብ የወጣ ነው። ከሚከተሉት አንዱ የሚመለከተው ሰው ይገባዋል ይላል፦ ለማረፍ ሳይቆም 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ፣ መሄድ የማይችል፤ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ክራንች፣ ያለ ሰው ድጋፍ፣ ያለ ሰው ሠራሽ እግር ወይም ያለ ዊልቸር መንቀሳቀስ የማይችል፤ ተንቀሳቃሽ ኦክስጅን የሚጠቀም፤ የልብ ሕመሙ በሐኪሞች አመዳደብ ደረጃ 3 ወይም 4 የደረሰ (ትንሽ ሲንቀሳቀስ ወይም አርፎ ተቀምጦም የሚያደክመው)፤ በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ ወይም በአጥንት ችግር መራመዱ በእጅጉ የተገደበ፤ የሳንባ ሕመሙ በልኬት የተረጋገጠ።

አብዛኛውን እንዳለ መውሰድ ይቻላል። ሁለት ቦታ ግን ለሰሜን ሸዋ አይሆንም።

የመጀመሪያው የሳንባው ልኬት ነው። አሜሪካኖቹ ሁለት ቁጥር ያስቀምጣሉ። አንዱ ሰውየው በኃይል ሲተነፍስ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያወጣው አየር ከ1 ሊትር ማነሱ ነው፤ ይህ የትም ይሠራል። ሌላው በዕረፍት ላይ የተለካ የደም ቧንቧ ኦክስጅን ግፊት ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች መሆኑ ነው። ይህን ግን ለቆላና ለባሕር ጠረፍ አገር ይተዉላቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ያህል ያንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ልኬት ራሱ ወደ 60 ይጠጋል። ቁጥሩ ሳይታረም ከተገለበጠ ጤነኛውም ካርድ ሊጠይቅበት ይችላል። ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ በምትለው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ያው ሰው ያው ሳንባ ይዞ ሌላ ቁጥር ያመጣል። ስለዚህ የግፊቱን ቁጥር አውጥተው የትንፋሹን ልኬትና የ60 ሜትሩን የእግር ጉዞ ያስቀሩ።

ሁለተኛው ምርኩዝ ነው። የመንዝም ሆነ የቡልጋ አባት ከቤቱ ያለ ዱላ አይወጣም፤ ዱላው የወንድነት ጌጡ እንጂ መደገፊያው አይደለም። «ምርኩዝ የሚይዝ» ብሎ መጻፍ የአገሩን ሽማግሌ በሙሉ ባለካርድ ያደርጋል። «ምርኩዙ ሲወሰድበት ክብደቱን ችሎ መቆም ወይም መራመድ የማይችል» ተብሎ ይጻፍ።

ማየት የተሳነው ሰው ጉዳይ አገር ለአገር ይለያያል። ብሪታንያ ከባድ የማየት ጉዳት ላለው በቀጥታ ትሰጣለች፤ ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ መለኪያ ግን አይጠቅሰውም። እኔ ይካተት እላለሁ፤ ክፍት ቦይ፣ ጋሪና ባጃጅ በተቀላቀለበት መንገድ 60 ሜትር መምራትም መመራትም አደጋ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ግን በዚያ ብቻ ካርድ አያስፈልገውም፤ መራመድ ይችላልና። ማኅበሩ ውስጥ ቅሬታ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ሐኪሙ ምን ይጻፍ?

«አካል ጉዳተኛ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ስለ መራመድ ምንም አይናገርም። ሐኪሙን ነጻ ደብዳቤ ከማስጻፍ የተዘጋጀ ቅጽ ማስሞላት ይሻላል። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው መለኪያዎች አጠገባቸው ሳጥን ተደርጎ ይቀመጡ፤ ሐኪሙ ምልክት አድርጎ ይፈርም። ከታች ሦስት ጥያቄ ይጨመር፦ ችግሩ ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ? ጊዜያዊ ከሆነ ለስንት ወር? ሰውየው በአብዛኛው ቀን እንዲህ ነው ወይስ በሚያመው ቀን ብቻ?

የ60 ሜትሩ ጉዞ በግምት አይሞላ። የሆስፒታሉን ኮሪደር በሜትር ለክቶ ሁለት ጫፍ ላይ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ኮሪደሩ 20 ሜትር ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ይሄዱበታል። ሰውየው በየቀኑ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ፣ የሚይዘውን ድጋፍ ይዞ፣ በራሱ ፍጥነት ይሂድ። የሚመዘገበው ቆመ ወይስ አልቆመም፣ ስንተኛው ሜትር ላይ ቆመ፣ ለምን ቆመ (ትንፋሽ፣ ሕመም፣ ሚዛን ማጣት) የሚለው ነው። የደረት ሕመም ያለበት ሰው ግን ለቅጽ ተብሎ አይራመድ፤ መዝገቡ ላይ ያለው የልብ ደረጃ ይበቃል።

ሐኪሙ ይመስክር፣ ጽሕፈት ቤቱ ይወስን። ይህ መለየቱ ሐኪሙን ከዘመድና ከጎረቤት ልመና ያድነዋል፤ «እኔ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ካርዱ የእነሱ ነው» ማለት ይችላል።

ቅጹን የሚሞላው ስፔሻሊስት ብቻ እንዲሆን አታድርጉ። ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም ሆነ ሌላው ቅርቡ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጣ ግን የአንድ ፊርማ ወጪ የሁለት ቀን መንገድና አልጋ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቢሞላው ምንም አይጎድለውም። እግሩ የተቆረጠ ወይም ሁልጊዜ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ደግሞ ጨርሶ ሆስፒታል መላክ የለበትም። ቢሮ ሲቀርብ የሚታይ ነገር ነው፤ ሠራተኛው «በአካል ቀርቦ አይቼዋለሁ» ብሎ ይፈርም። ካሊፎርኒያ እግሩን ላጣና ራሱ ለቀረበ አመልካች ይህንኑ ታደርጋለች።

ካርዱ ራሱ

ሁለት ዓይነት ይበቃል። ሰማያዊው ለረጅም ጊዜ ነው፤ ሦስት ዓመት ይስጡት። ቀዩ ለስብራት፣ ለቀዶ ሕክምናና ለመሰል ጊዜያዊ ችግር ሲሆን ጣሪያው 6 ወር ይሁን። በአሜሪካም ጊዜያዊው ካርድ ቀይ ነው፤ ከ6 ወር አያልፍም። ጊዜያዊ የሚባል ነገር ከሌለ ግን ጉልበቱን የተሰበረው ሁሉ ሦስት ዓመቱን ይወስዳል፤ በአራተኛው ወር እግር ኳስ እየተጫወተ ከሆስፒታሉ በር ላይ ያቆማል።

ለመጠኑ የአውሮፓውን ካርድ ልክ ይውሰዱ፦ ቁመቱ 106፣ ወርዱ 148 ሚሊ ሜትር፤ የአንድ መደበኛ ወረቀት ሩብ ያህል ነው። በፊቱ ገጽ ላይ የሚሆነው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ነጭ የዊልቸር ምልክት በሰማያዊ (በጊዜያዊው ካርድ በቀይ) መደብ ላይ፣ የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ወርና ዓመት፣ የሰጪው ከተማ ስምና ማኅተም። ምልክቱ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ወሩና ዓመቱ ቆሞ መስታወት በሚያይ ሰው ሳይቸገር እንዲነበብ በትልቁ ይጻፍ፤ «ዓ.ም.» የሚለውም ይኑርበት፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ ካርዱ ከዓመታት በፊት እንዳበቃ እንዳይቆጥረው።

ስም፣ ፎቶና ፊርማ በጀርባው። ፎቶ በፊት ለፊት ከሆነ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ የማን መኪና እንደሆነና ባለቤቱ ሕመምተኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ባዶ ቤት ለሚፈልግ ሌባም መረጃ ነው። የሕመሙ ዓይነት በፊትም በጀርባም አይጻፍ።

ስለ ኅትመቱ ጥቂት ነገር። ርካሹ የኢንክጄት ቀለም መስታወት ሥር በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ቀዩ ቀድሞ ይሄዳል። በሌዘር ፕሪንተር ይታተም። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሙቀት ስስ ላሚኔት አይበጅም፤ ዳሽቦርድ ላይ ሲውል ጠርዙ ይከፈትና ይጠቀለላል፤ ወፍራሙን ይጠቀሙ፤ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዉ። ለማስመሰል መከላከያ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ደረቅ ማኅተም ይበቃል፤ በቀለም ኮፒ አይወጣምና። ግን ከላሚኔቱ በኋላ ይረፍ፤ ቀድሞ ካረፈ የማሽኑ ሙቀት ያስተኛዋል።

አሜሪካኖች ካርዱን መሐል መስታወቱ ላይ ያንጠለጥላሉ፤ መኪናው ሲቆም ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ እይታ ይከልላል። ለእኛ ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ባጃጅ መሐል ላይ መስታወት የለውም። ባለሦስት እግር ሞተር የሚነዳው ሰው ግን ካርዱን ክፍት ቦታ ትቶ ሊሄድ አይችልም፤ ይሰረቅበታል። ለእሱ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ከመሪው ፊት ይለጠፍለት፤ ካርዱን በኪሱ ይያዝ። ተሽከርካሪው ለእሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከመኪናው ጋር ማያያዝ ችግር የማያመጣው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። «አንዱ ለልጄ መኪና» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አይቀበሉ። ከጠፋ የጠፋው ቁጥር ይሰረዝ፤ አዲስ ቁጥር ይሰጥ፤ የድሮው ቁጥር ዳግም ለማንም አይሰጥ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሥራ

አመልካቹ የሚያመጣው ቅጹን፣ መታወቂያውን (ፋይዳ ካለው እሱን) እና ሁለት ፎቶ ነው። ሊብሬ አትጠይቁ፤ መኪና የሌለው ሰውም ተሳፋሪ ሆኖ ይገባዋልና። መንጃ ፈቃድም እንደዚሁ። ብዙ ቢሮ «ለጥንቃቄ» እያለ የሚጨምረው ወረቀት መራመድ የማይችለውን ሰው ደረጃ እያስወጣ ያስወርዳል። ማመልከቻው የሚቀበለው ምድር ቤት ይሁን፤ ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነ ሠራተኛው ይውረድ። በቤተሰብ በኩል ማመልከት ይፈቀድ፤ ፎቶውና ፊርማው ግን ሲረከብ ይመሳከር።

መዝገቡ በኮምፒውተርም ሆነ በደብተር የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። የሕክምና ቅጹ በተለየ ፋይል ይቆለፍ። ለትራፊክ ፖሊስ የሚሄደው ዝርዝር የካርድ ቁጥርና ማብቂያ ቀን ብቻ ነው።

እድሳት ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ «ቋሚ» የተባለ ሰው ዳግም ለሐኪም አይላክ። የተቆረጠ እግር በሦስት ዓመት አይበቅልም። እድሳት የሚያስፈልገው ሰውየው በሕይወት መኖሩን፣ ፎቶው መምሰሉንና አድራሻው አለመለወጡን ለማወቅ ነው። በየአገሩ ከሚታየው ማጭበርበር አንዱ ትልቁ የሞተ ሰው ካርድ ነው፤ ቤተሰቡ አይመልሰውም፤ ሠራተኛው አይጠይቅም። ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሞት ዝርዝር በየወሩ ተቀብሎ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ምክሬ ብዙዎችን አያስደስትም። ካርዱ የማቆሚያ ክፍያ ነጻ አያድርግ። ቦታውን ብቻ ይስጥ። ክፍያ ሲቀር ካርዱ ለማይገባውም ዋጋ ያወጣል፤ ይከራያል፤ ይዋዋሳል። ሚሺገን ይህን አይታ ነጻ ማቆሚያውን ሳንቲም ማስገባት ወይም ማሽኑ ዘንድ መድረስ በአካል ለማይችሉት ብቻ ወስናዋለች። ካርዱን ማውጣት ግን በነጻ ይሁን፤ ቅጹን ማስሞላትም እንደዚሁ።

ቦታው

ወርዱ 2.5 ሜትር ለመኪናው፣ ከጎኑ 1.5 ሜትር ባዶ መተላለፊያ፤ ርዝመቱ 5 ሜትር። አሜሪካኖቹ 2.44 እና 1.52 ይላሉ፤ ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም። የ1.5 ሜትሩ ምክንያት በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ዊልቸር አጠገቡ መቆም ስላለበት ነው። እንደ እኛ መሪው በግራ ለሆነበት አገር፣ ራሱ ለሚነዳ ሰው መተላለፊያው በመኪናው በግራ በኩል ይሁን። ሁለት ቦታ አንድ መተላለፊያ ቢጋሩ አንደኛው ሾፌር ወደ ኋላ እየገባ ያቆማል፤ ይህ ችግር የለውም። መተላለፊያው በሰያፍ መስመር ካልተሞላ ግን ሞተር ሳይክል ይቆምበታል፤ ጫማ የሚያስውብም ወንበሩን ይዘረጋበታል።

ተዳፋቱ በየትኛውም አቅጣጫ ከ2 በመቶ አይብለጥ። ለመለካት ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ይበቃል፤ ጣውላው ልክ ሲሆን ከዝቅተኛው ጫፍ ሥር ያለው ክፍተት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው፤ 5 ከሆነ ሰውየው ከመኪናው ወደ ዊልቸሩ ሲሻገር ዊልቸሩ ይንሸራተታል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሜዳ መፈለግ አይከብድም። መሐል ሜዳ ላይም እንደ ስሙ ነው። ደብረ ሲና ግን ቁልቁለት ስለሆነ ቦታውን በርቀት ሳይሆን በሜዳነት መርጦ ከዚያ እስከ በሩ መወጣጫ መሥራት ግድ ይላል። መወጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር ለመነሳት ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ይራዘም።

ኮብልስቶን ላይ ቀለም አይቀባ። በሁለት ክረምት ታጥቦ፣ በጎማ ተፍቆ ያልቃል። ድንጋዩ ሲነጠፍ ወይም ሲጠገን መስመሩን በሌላ ቀለም ድንጋይ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ አያልቅም። ቦታውን በዋናነት የሚያስታውቀው ግን የቆመ ምልክት ነው፤ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ መሬት ላይ ያለው ሥዕል መኪና ሲቆምበት ወይም ጭቃ ሲሸፍነው አይታይም። የምልክቱን ብሎን በይዱት፤ ብረቱ ዋጋ ስላለው ይፈታል። በቦይ ላይ የሚያልፍ ከሆነ የክዳኑ ፍርግርግ ክፍተት ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ የዊልቸሩ ትንሿ የፊት ጎማና የምርኩዝ ጫፍ ይሰጥማሉ።

በዋናው የደሴ መንገድ ዳር በትይዩ የሚቆምበትን ቦታ ለዚህ አትምረጡ። ሾፌሩ የሚወርደው በከባድ መኪናዎች በኩል ነው። በጎን በሚገባው መንገድ ላይ ይሁን።

ብዛቱን በተመለከተ ለጠቅላላ ቦታ ከ25ቱ አንዱ የተለመደ ነው፤ የሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ግን 10 በመቶ፣ የፊዚዮቴራፒና የተሀድሶ ክፍል 20 በመቶ ይሁን። ከበሩ ያለው ርቀት ከ50 ሜትር አይለፍ፤ 60 ሜትር መሄድ ለማይችል ሰው 80 ሜትር ላይ ቦታ መስጠት ቀልድ ነው። ከቦታው በተጨማሪ በሩ ላይ ባጃጅ ለ10 ደቂቃ ቆሞ የሚያወርድበት አንድ ማውረጃ ይኑር፤ ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚጠቀምበት እሱ ነው።

ሌላ ሰው ሲቆምበትስ?

በአገራችን የተለመደው ቅጣት ሰሌዳ መፍታት ነው። ለዚህ ቦታ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሰሌዳው የተፈታበት ሾፌር መኪናውን እዚያው ትቶ ሰሌዳውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ቦታው ለሰዓታት እንደተያዘ ይቆያል። ጎማ ማሰርም ያው ነው። የሚሠራው በስልክ ጠርቶ ማስነሳትና የቅጣት ወረቀት መስጠት ነው። መነሻው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ላይ ለትራፊክ ምልክት የመታዘዝ ግዴታ ነው፤ ይሁን እንጂ የከተማው ምክር ቤት ቦታውንና ካርዱን በራሱ ደንብ ካላጸደቀ ትራፊኩ ክርክር ሲገጥመው የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ረቂቃችሁ የሚሄደው ወደ ምክር ቤት እንጂ በደብዳቤ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አይሁን።

በፓርኪንግ የተደራጁ ወጣቶች ባሉበት መንገድ ላይ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ተስማሙ። አንድ የእናንተ ቦታ አንድ ተኩል የእነሱን ይወስዳል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ገቢያቸው ነው። ከውላቸው ላይ ያ ቦታ በሒሳብ ካልተቀነሰላቸው ለከፋይ ይሰጡታል፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። ሥልጠናቸው አጭር ነው፦ ምልክቱን፣ ቁጥሩንና ማብቂያውን ብቻ ያያሉ። «ምን ሆነህ ነው? ደህና ትሄዳለህ እኮ» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድላቸውም፤ የልብ ሕመም ከውጭ አይታይም። ካርዱን ገልብጦ ፎቶ ማየት የሚችለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው።

ረቂቁ መግቢያ ላይ የሕግ መሠረቱን በሦስት መስመር ያስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ አያንዛዙት፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5)፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በተለይ ተደራሽነትን የሚመለከተው አንቀጽ 9 እና በግል መንቀሳቀስን የሚመለከተው አንቀጽ 20፤ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው የሚያዝዘው የሕንጻ አዋጅ። የመጨረሻው በተለይ ለባንክና ለሆቴል ባለቤቶች ይጠቅማችኋል፤ ቦታውን በግቢያቸው ውስጥ እንዲሰጡ ሲጠየቁ «ልገሳ ነው» እንዳይሉ።

ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ የየራሳቸውን ካርድ ከሚፈጥሩ የእናንተን ቅጽና ቀለም ወስደው የከተማውን ስም ብቻ ይቀይሩ። በእያንዳንዱ ደንብ ውስጥም «በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር በሚመለከተው አካል የተሰጠና ያላበቃ ካርድ እኩል ይሠራል» የሚል አንቀጽ ይግባ። ለገና ወይም ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣው ዘመድ የራሱን ሰማያዊ ካርድ ይዞ ይመጣል፤ ከመሐል ሜዳ ለሕክምና ደብረ ብርሃን የሚወርደውም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ግን በእናንተ ደንብ አትገደድምና ባለካርዶቹ ሲረከቡ ይህ ይነገራቸው።

ቅደም ተከተሉን ከወቅቱ ጋር ያስማሙት። ምክር ቤቱ ደንቡን በክረምት ቢያጸድቅ፣ ምልክትና አስፋልት ላይ የሚቀባው ቀለም ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ይሠራ፤ ሐኪሞቹ ቅጹን በዚያው ሰሞን ይቀበሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያለ ቅጣት፣ በማስጠንቀቂያ ወረቀት ብቻ ያሳልፉ፤ በየወረቀቱ ላይ ሰዓቱና ቦታው ይጻፍ፤ የትኛው በር ላይ ተጨማሪ ምልክት እንደሚያስፈልግ የሚነግራችሁ እሱ ነው።